በአምስትና በስምንት ወር መካከል

ተናኘ ላፍቶ ባለው የሳሙና ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችው ጎማ ስታስረጅ ነው። ሥራዋን ለጠየቃት ሁሉ እንዲህ ብላ ስትመልስ ሰው ይስቃል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። በፋብሪካው ቧንቧዎች ውስጥ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ያልፋል፤ ሥጋ ላይ ካረፈ የሚበላ ነገር ነው። እሱን በሚከፍተውና በሚዘጋው እያንዳንዱ ቫልቭ ውስጥ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። እሷ ከደረቀች ቫልቩን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ያፈሳል። መቼ እንደምትደርቅ ቀድሞ መናገር የተናኘ ፋንታ ነበር።

ቀለበቶቹን በሁለት ብረት መሀል ጨፍልቃ፣ ከቧንቧው ይበልጥ በጋለ ምድጃ ውስጥ ለቀናት ታቆያቸዋለች። ጎማ በሙቀት ቶሎ ያረጃል፤ በሳምንት ያረጀውን አይታ በቧንቧው ሙቀት ስንት ወር እንደሚቆይ ታሰላለች። ከብረቱ ስትፈታው መልሶ ካበጠ ገና ነፍስ አለው። እንደተጨፈለቀ ከቀረ አበቃለት።

አምና አዲስ ጎማ ገባ። አዲስ ይባል እንጂ በሻጩ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ፀሐይ ሲቀቅለው የኖረ ነው። አንዱን አንስታ ብታጥፈው ጠርዙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አየች። ሦስት ጊዜ ሞከረችው፤ ሦስቱንም ጊዜ አምስት ወር አገኘች።

የቴክኒክ ኃላፊው አቶ ኢያቄም ወረቀቱን አንብቦ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ወይዘሮ ተናኘ፣ የድሮው ሁለት ዓመት ይቆይ አልነበር?»

«የድሮው ጎማ ሌላ ነዋ።»

«ጎማ ለመቀየር በየአምስት ወሩ ፋብሪካው ይቁም ብዬ ለማን አቤት ልበል? እስቲ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ግምት አይደል እንዴ?»

«ግምትስ ግምት ነው» አለች። ይህችን ቃል ከአፏ ካወጣች በኋላ የምትይዘው አጣች። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ክርክር ሰልችቷታል። ምናልባት የምድጃው ሙቀት በዝቶበት ይሆናል ብላ ራሷን አባበለች። ስምንት ወር ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። ስምንት ከየትኛውም ሙከራ አልወጣችም።

በሰባተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጀማሉዲን የሚባለው የማሽን ሠራተኛ ቫልቭ ሊዘጋ እጀታውን ሲይዝ ሶዳው ተስፈንጥሮ ፊቱን መታው። ጩኸቱ ተናኘ ክፍል ድረስ ተሰማ። ጓደኛው ብሩኬ ውኃ እያፈሰሰበት ሠራተኞቹ ሆስፒታል አደረሱት፤ ግራ ዓይኑ ግን ሊተርፍ አልቻለም። እሱን ከወሰዱት በኋላ ተናኘ ቫልቩን አስፈታችና ቀለበቷን አወጣች። በጣቶቿ መሀል እንደ ደረቅ ቂጣ ተቆረሰች።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ወረቀቱ ላይ ስምንት ወር ይላል፤ ጎማው ገና ሰባት ወሩ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከጎማው ሊሆን አይችልም፤ ሠራተኛው እጀታውን በኃይል ጠምዝዞት ነው ተባለ። ተናኘ ይህን ስትሰማ የሦስቱን ሙከራ ወረቀቶች ከመሳቢያዋ አወጣች።

ቅዳሜ ታክሲ ይዛ ለቡ ወረደች። ጀማሉዲን የሚኖረው ያላለቁ ፎቆች መሀል፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ፊቱን በፋሻ እንደታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሚስቱ ወንበር አቀረበችላት።

«እትዬ ተናኘ፣ ምን አደከመሽ» አለ ሊነሣ እየሞከረ። «መቼም የአላህ ሥራ ነው። ደግሞ እኔም ሳላጠብቀው አልቀረሁም፤ እነሱ እንዳሉት።»

«አላጠበቅከውም። ያገኘሁት አምስት ወር ነበር፤ ስምንት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሚስቱ የያዘችውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለ ጀማሉዲን። «ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?»

ተናኘ ከወንበሩ ተነሣች። ስትወጣም ደህና ሁኚ ያላት የለም።

ሰኞ ኮሚቴው ፊት ቀርባ የሦስቱንም ሙከራ ውጤት ዘርግታ ተናገረች። አቶ ኢያቄም እሱ «ከፍ ያድርጉት» ማለቱን አላስታውስም አለ፤ ፊርማው የእሷ ብቻ ነው። ጥፋቱ ከጀማሉዲን ላይ ተነሣ፤ ካሣና ሕክምናውም ተፈቀደለት። ፋብሪካው ሦስት ቀን ቆሞ ጎማዎቹ ሁሉ ተቀየሩ። ተናኘ ከምድጃዋ ተነሥታ ቱታና ጓንት ወደሚታደልበት ዕቃ ቤት ተዛወረች። በእሷ ቦታ ሰው አልተተካም።

ጀማሉዲን በስድስት ወሩ ተመልሶ በር ላይ ጥበቃ ሆነ። ጠዋት ጠዋት የሚገባውን ሁሉ እየጨበጠ፣ እየቀለደ ያስገባል። ተናኘ ስትደርስ ግን በሩን ይከፍትላትና ወደ መንገዱ ዞሮ ይቆማል። እሷም «እንደምን አደርክ» ብላ፣ መልሱን ሳትጠብቅ ታልፋለች።