ቤት ብዬ የሣልኋቸው ክምሮች

«ልጄ፣ እዚህ ማን ይኖራል ብለሽ ነው ቤት የሣልሽበት? የጤፍ ክምሬ እኮ ነው!»

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጅጋ ከተማ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ጎጥ ካርታችንን ዘርግተን ሳለ አያ ዓለምነው የሚባሉ ገበሬ ናቸው እንዲህ ያሉኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። ኔትወርኩ ሳይጠፋ ልንገራችሁ።

እኛ የፍኖተ ሰላም ልጆች ማንም በነፃ የሚጠቀምበትን የገጠር ካርታ በፈቃደኝነት እንሠራለን። የሳተላይት ፎቶ እያየን ቤቱንና መንገዱን እንሥላለን።

ፎቶው የተነሣው በአጨዳ ሰሞን ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ክብ የሆነውን ሁሉ ጎጆ አድርጌው አረፍሁ። (አባቴ ገበሬ መሆኑን ለማንም እንዳትነግሩብኝ።)

ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አይደለም። የውኃ ባለሙያዎች ጉድጓድ የሚቆፍሩበትን ቦታ የሚመርጡት ይህን ካርታ አይተው ነው። ዛሬ ባንሄድ ኖሮ ጉድጓዱ ለክምር ሊቆፈር ነበር!

ሰዉ ከብቦን አንዱ ክምሩን ሲያሰርዝ፣ ሌላው መንገዱን ሲያቀና ቆየ። እንዲህ ያለ አስተማሪ አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ አያ ዓለምነው የቤተ ክርስቲያኑ ደን ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«የእማሆይ ጥሩነሽ ቤትስ? ዛፉ ጋርዷቸው ነው እንጂ እሳቸውም ውኃ ይጠጣሉ።»

እማሆይ ከሰዉ ኋላ ቆመው ነበር። እስክሪብቶውን ለራሳቸው ሰጠኋቸው። ከዛፎቹ መሐል አንዲት ነጥብ አኖሩና «እንግዲህ እኔም ተቆጠርሁ» አሉ።

ስንት ቀን ኮምፒውተር ላይ ካፈጠጥሁበት ሥራ ሁሉ የምኮራው በዚያች እኔ ባልሣልኋት ነጥብ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፤ በእናንተ አገር ከሰማይ የማይታየው የማን ቤት ነው?