የሚዛን ሌባ ጣት

አንድ ኬክ ቤት ሁለት ሚዛን ነበረው። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው፤ ባትሪው ሲደክም ይዋሻል። ሌላዋ ሰው ናት። ክሬሙን በሌባ ጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ከቀመሰች ስኳሩ አንሶ እንደሆነ በዝቶ እንደሆነ ትነግርሃለች። ባልደረቦቿ "ሚዛን" አሏት፤ በዚያው ቀረ። በሥራዋ የሚያማት የለም፤ እሷም ብትሆን ራሷን አታማም!

ይቺው ሚዛን ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ጡት ይዛ ደስ ይላታል፤ ከጠባች በኋላ ግን እየተኮማተረች ታለቅሳለች፣ ጉንጯ ሽፍ ይላል። አንድ ቀን ሽንት ጨርቋ ላይ ደም ታየ። የእናት አንጀት አይችልምና ይዛት ወደ ሐኪም በረረች።

"የላም ወተት አልተስማማትም" አለች ዶክተሯ። "አንቺ የበላሽው በጡትሽ በኩል ይደርሳታል። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ ክሬም በአፍሽ እንዳይዞር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተሻላት ግን ጡቱን አስጥለን ልዩ ዱቄት ወተት እናስጀምራታለን።"

ሚዛን እሺ ካለች እሺ ነው። ሻይዋን ያለ ወተት ጠጣች፣ ዳቦዋን ደረቁን ገመጠች። ሕፃኗ ግን ያው ናት።

አማቷ ሕፃኗን ይዘው ኬክ ቤቱ ጓዳ ይውላሉ፤ ሚዛንም ከሥራዋ መሀል እየገባች ታጠባለች። "ልጄ፣ ጡትሽ አልሆናትም፤ ተይው" አሏት። "ባልሽን በጡጦ ነው ያሳደግኩት፤ ይኸው በር አይበቃውም!"

"እማማ፣ ጡቴ ምንም አልሆነም። በሆነ ቀዳዳ ወተት እየገባ ነው፤ ሳላገኘው አልቀርም።"

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ፈርቷል። ያቺን ትንሽ አፍ ከጡቷ ማላቀቅ ሞት ሞት ይላታል።

አንድ ቀን አማቷ ሕፃኗን አቅፈው በጓዳው በር በኩል ያዩዋታል። ሚዛን ክሬም ትመታለች። ሌባ ጣቷ ሳህኑ ውስጥ ገባ፤ ወጣ፤ አፏ ውስጥ ገባ።

"አንቺ!" ብለው ጮኹ። "ምን በላሽ?"

"እኔ? ምንም!"

"ታዲያ ጣትሽ አፍሽ ውስጥ ምን ይሠራል?"

ሚዛን ክው አለች። ለኬክ ጋጋሪ መቅመስ መብላት አይደለም፤ ሥራ ነው። ልማድ ሲሰለጥን ተፈጥሮ ይሆናል እንዲሉ፣ ስንቴ እንደላሰች እንኳ አታውቅም። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ።

"አይዞሽ" አሉ አማቷ። "ከዛሬ ጀምሮ ቀማሿ እኔ ነኝ!"

እሳቸው እቴ! ምን ቢያቀምሷቸው መልሳቸው "ትንሽ ስኳር ጣል አድርጊበት" ነው። ሚዛን እጇን ታጥባ፣ በሆዷ እየሳቀች በዓይኗ ትመዝናለች። ሰንበትበት ሲል ለቅሶው ረገበ፣ ደሙ ጠፋ።

በቀጠሮው ቀን ዶክተሯ የጠራውን ጉንጭ ዳበስ አድርጋ፣ "ጎሽ! በዚሁ አጥቢያት" አለች።

አማቷ ቀደም አሉ። "እኔስ ጡቷ ምንም አልሆነም ስል አልነበር?"

ሕፃኗ የሚዛንን እጅ ሳብ አድርጋ ያንን ሌባ ጣት አፏ ውስጥ ከተተችው።

"ወይ ጉድ፣ ይቺም ቀማሽ ልትሆን ነው!" አሉ አማቷ።

ሕፃኗ ላስ ላስ አድርጋ ተፋችው፤ ፊቷንም ወደ ጡቱ አዞረች።