እህትማማቾቹ የተገናኙበት ፍጻሜ

አመለወርቅ ከላስ ቬጋስ ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ውስጥ ክፍል ስታጸዳ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው ወደዚህ አገር ሲገቡ እሷ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ ነበረች። እዚሁ አደገች፣ እዚሁ ተማረች። ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ ጥቂት ሲቀራት አባቷ የአልጋ ቁራኛ ሆኑ፤ ትምህርቷን ትታ ሆቴል ገባች። ስትገባ ለጊዜው ነው ብላ ነበር፤ ጊዜው ግን ዕድሜዋን ይዞት ሄደ። ሴቶች ልጆቿ ሲወለዱ ለራሷ አንድ ቃል ገባች፦ ፋናና ሳሮን የሰው አንሶላ አይቀይሩም።

ባሏ ኪዳኔ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ውስጥ መንገደኞችን በዊልቼር ይገፋል። ልጆቹን ቦውሊንግ ያስለመዳቸው እሱ ነው፤ ያውም ለጨዋታው ብሎ ሳይሆን ሙቀት ሽሽት። አንድ ሐምሌ የአፓርታማቸው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ቤቱ ምጣድ ሲሆን፣ ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ብዙ ሳይርቅ የሰፈር ሰው ወደሚያዘወትረው አንድ ካዚኖ ወሰዳቸው። ቦውሊንጉ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ልጆች በቁማር ማሽኖቹ መካከል ማለፍ ይችላሉ፤ መቆም ግን አይፈቀድላቸውም። ኪዳኔ አንዷን በግራ፣ አንዷን በቀኝ ይዞ ፈጠን ፈጠን እያለ ያሳልፋቸዋል፤ ላይ ሲደርሱ ቀዝቃዛው አየር ይቀበላቸዋል።

ያን ሐምሌ የጀመሩት ልማድ ሆኖ ቀረ። የቅዳሜ ጠዋት የልጆች ቡድን ውስጥ ተመዘገቡ፤ ቀጥሎ ውድድር መጣ። ፋና፣ ትልቋ፣ ጥንቁቅ ናት። ኳሷን ከመልቀቋ በፊት መስመሩን አተኩራ ታያለች፤ እንጨቱ ላይ የሚቀባው ዘይት የት ጋ እንደደረቀ፣ ኳሱ የት ጋ እንደሚታጠፍ ታሰላለች። ከትምህርት ቤት መልስ ቦውሊንግ ቤቱ የሰዎች ጫማ እያጸዳች በምትኩ በነፃ ትለማመዳለች። ታናሿ ሳሮን ሌላ ናት። በሁለት እጇ ይዛ፣ ሮጥ ብላ፣ እየሳቀች ትወረውራለች፤ ከመስመሩ ጫፍ የተደረደሩት አሥሩ ፒኖች ይበተናሉ። ልምምድ ብዙም አትወድም። ፋና አንድ ወር የደከመችበትን ነገር ሳሮን አንድ ቀን አይታ ትሠራዋለች። ፋና ግን ቀንታባት አታውቅም፤ ኳሷን እንኳ የምትወለውልላት እሷ ነበረች።

የሽልማቱ ነገር መጀመሪያ ለአመለወርቅ አልገባትም ነበር። የልጆች ውድድር አሸናፊ ገንዘብ በእጁ አይሰጠውም። በስሙ ይቀመጥለትና ኮሌጅ ሲገባ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይላካል።

"በእጅ የማይገባ ሽልማት ምን ሽልማት ይባላል?" አለችው ኪዳኔን።

"በእጃችን ቢገባማ እንበላው ነበር" አላት። "ይሄ እንኳን እኛ፣ እነሱ ራሳቸው የማይነኩት ነው።"

ከዚያ ወዲያ አመለወርቅ ነገሩን ወደደችው። የሥራ ሺፍቷን ለዋውጣ ልጆቹን ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው ትነዳቸው ጀመር። የነጥቡን አቆጣጠርም ውጤቱንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው።

ፋና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በምትጨርስበት ዓመት ጸደይ ላይ የትልቁ ውድድር ጊዜ ደረሰ። የሴቶቹ ምድብ በዕድሜ የሚከፋፈል አልነበረም፤ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት ሳሮንም ከእህቷ ጋር ተመዘገበች። ለፋና የመጨረሻ ዕድሏ ነው፤ ትምህርት የጨረሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይገባም። በዚያ ላይ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሠልጣኝ ነበር። ከዚያ በፊት ፋናን ደጋግሞ አይቷታል፤ ቡድኑ ውስጥ አንድ ቦታ እንደቀረውና ከዚህ ውድድር በኋላ እንደሚወስን ነግሯታል። አንደኛ የሚወጣው የሚያገኘው ሽልማትና የአሠልጣኙ ቦታ ከተገጣጠሙላት፣ አመለወርቅ የቋመጠችለት ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ሊፈጸም ነው።

ቅዳሜ ሁሉም ሲጫወቱ ውለው የጣሉት ፒን ተደመረ፤ ከሁሉ የበለጡት አምስቱ ወደ እሁድ አለፉ። የእሁዱ ጨዋታ መሰላል ነው። አምስተኛዋ ከአራተኛዋ ትጫወታለች፤ ያሸነፈችው ወደ ሦስተኛዋ ትወጣለች፤ እንዲህ እያለ አንደኛዋ ጋ ይደረሳል። አንደኛዋ ከላይ ሆና የምትመጣባትን ትጠብቃለች። ሳሮን አንደኛ ሆነች። ፋና አራተኛ።

እሁድ ኪዳኔ ሥራ ነበረው። አመለወርቅ ብቻዋን ከኋላ ካሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጠች። ፋና እንደዚያ ቀን ስትጫወት ታይታ አታውቅም። አምስተኛዋን አሸነፈች፤ ሦስተኛዋን አሸነፈች። ሁለተኛ ከወጣችው፣ አባቷ ከአጠገቧ ከማይለይ አንዲት ረጅም ልጅ ጋር ስትጫወት ሰዉ ሁሉ የያዘውን ትቶ ያይ ነበር። እሷንም አሸነፈቻት። አሠልጣኙ ከወንበሩ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነበር።

አሁን ከላይ የቀረችው ሳሮን ናት።

አመለወርቅ ልቧ ተጨነቀ። ሳሮን የማትሸነፍ መስላ ታየቻት፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ማንም አስተምሮ ያላመጣው ተሰጥኦ አላት። ከፍጻሜው በፊት አጭር ዕረፍት ነበር። ተነሥታ ሳሮንን ጫማ ከሚከራይበት ባንኮኒ ጎን፣ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። በአማርኛ ስለሆነ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም።

"ሳሪዬ፣ አንቺ ገና ስንት ዓመት አለሽ። እህትሽ ግን ዛሬ ካመለጣት አለቀ።"

ሳሮን አየቻት። "ሉዝ አድርጊ፣ ተሸነፊላት እያልሽኝ ነው፣ ማሚ?"

"እኔ እንደዛ አላልኩም። እህትሽ ናት ነው ያልኩሽ።"

"እኔም ማሸነፍ እፈልጋለሁ።"

"አውቃለሁ። አንቺ በሚመጣው ዓመትም ታሸንፊያለሽ።"

ሳሮን የጫማዋን ክር ጠበቅ አድርጋ አስራ ሄደች።

ጨዋታው ተጀመረ። ሳሮን በመጀመሪያው አሥሩንም ፒኖች ጣለች፤ በሁለተኛውም ደገመች። አመለወርቅ ልጄ አልሰማችኝም አለች፤ ግማሽ ልቧ አዘነ፣ ግማሹ ደግሞ ዕፎይ አለ። ቀጥሎ ግን ሳሮን አንዲት ፒን ብቻ ቀረቻት። ዓይኗን ጨፍና እንኳ የምትጥላት ናት። የቀረውን ለመጣል የሚፈቀደው ሁለተኛ ኳስ ግን አጠገቧ ሳይደርስ ከመስመሩ ጎን ያለው ቦይ ውስጥ ገባ። ሰዉ አይዞሽ እያለ አጨበጨበላት። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ደገመችው። ፋና በበኩሏ አንድም አልሳተችም ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሳሮን ቀላሏን ፒን ስትስት፣ ፋና ኳሷን አንሥታ ከያዘችበት ቆመች፤ ተራዋ ቢሆንም አልወረወረችም።

"ሆን ብለሽ ነው?" አለቻት።

ሳሮን ወለሉን አየች።

"ሳሮን፣ እዪኝ። ሆን ብለሽ ነው?"

"ማሚ ናት ያለችኝ" አለች ሳሮን፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

ፋና ወደ ኋላ ዞራ እናቷን አየቻት። ያንን አስተያየት አመለወርቅ እስከ ዛሬ መናገር አትችልም። ከዚያ ኳሱን መልሳ አስቀመጠችና የውድድሩ ኃላፊ ወደሆነችው ሸምገል ያለች ሴት ሄደች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ጨዋታውን ከመጀመሪያው እንጀምረው" አለቻት። "እህቴ እየተጫወተች አይደለም። እንዲህ ሆኖ አልፈልገውም።"

ሴትየዋ ነገሩን ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ ፋና የእናቷን ስም አላነሣችም። ፋና የልጅ የዋህነት ይዟት፣ እውነቱን ከተናገረች ጨዋታው የሚደገም መስሏት ነበር። ይህን ሲሰማ የሁለተኛዋ ልጅ አባት ከወንበሩ ተነሣ። ቤተሰቡ ነገሩን ቀድሞ ተመካክሮበታል አለ፤ ትልቋም ብታውቅ ነው፣ ሰው እንዳይጠረጥራት ነው አሁን የምትናገረው አለ።

አመለወርቅ ይህን ስትሰማ እየሮጠች ወረደች። "ፋና ምንም አታውቅም" አለች። "እኔ ነኝ። ለትንሿ የነገርኳት እኔ ነኝ። ልጄ እግዜር ያውቃል፣ ምንም አታውቅም።"

ልጇን ያዳነች መስሏት ነበር። ኃላፊዋና ሁለት ዳኞች ወደ ጥግ ሄደው ተነጋገሩ። ሲመለሱ ኃላፊዋ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው አለች፦ ተጫዋች በራሷ ሆን ብላ ብትሸነፍ የምትቀጣው እሷ ብቻ ናት፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው ውጤቱን ለማስተካከል ጣልቃ ከገባ ግን በዚያ ቤተሰብ ስም የተመዘገቡት ሁሉ ይሰረዛሉ። ማን ምን እንዳወቀ መለየት ስለማይቻል ነው የተጻፈው።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እመቤት" አለቻት አመለወርቅን። "ባትናገሪ ኖሮ የትልቋ ውጤት ይጸና ነበር።"

አንደኝነቱ ለረጅሟ ልጅ ተሰጠ። ፋናና ሳሮን ለዓመት ታገዱ፤ ለፋና ዓመት ማለት ለዘለዓለም ነው። አሠልጣኙ መጥቶ ፋናን ጨበጣት፣ መልካም ዕድል ብሏት ሄደ። በሳምንቱ ኪዳኔ እንግሊዝኛውን በሥራ ባልደረባው አሳርሞ ጻፈለት። ትሕትና የሞላበት መልስ መጣ፤ ቦታው ተይዟል ይላል።

ያን እሁድ ኪዳኔ ማታ ከሺፍት ገብቶ የሦስቱንም ፊት ሲያይ ደነገጠ። "ማን ሞተ?" አለ። ሳሮን እያለቀሰች ነገረችው። አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አመለወርቅ አጠገብ ተቀመጠ፣ ግን እጇን አልያዘም።

"ለልጅሽ ብለሽ ነው" አላት በመጨረሻ።

ያኔ ነው ፋና የተናገረችው። "ለእኔ ብላ አይደለም፣ ዳዲ። ማሸነፍ እችላለሁ ብላ አላመነችም። ከታች ሁሉንም አሸንፌ ስመጣ እያየች አላመነችኝም።"

"ፋንዬ፣ እኔ እኮ..." አለች አመለወርቅ።

"ማሚ፣ እውነቷን ነው" አለች ሳሮን ቀስ ብላ። "ዛሬ ከእኔ ትሻል ነበር። ባልሞክርም ብሞክርም ታሸንፈኝ ነበር።"

አመለወርቅ ለንስሐ አባቷ ስትነግራቸው ጹሚ፣ ስገጂ፣ ልጆቹንም ይቅርታ ጠይቂ አሏት። ጾመች፣ ሰገደች። ፋናን ይቅርታ ስትጠይቃት ልጅቷ "እሺ" ብላ ሳህኗን አነሣች።

በመስከረም የሰፈሩ ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ ፋና አየር ማረፊያ ሥራ ጀመረች፤ መንገደኞች ቦርሳቸውን በማሽን ሲያሳልፉ ቆማ ታያለች። ኪዳኔ በፍተሻው በኩል ዊልቼር ይዞ ሲያልፍ በዓይን ይገናኛሉ። በኋላ ቦልደር ሲቲ ውስጥ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ቤት ተከራየች። ሩቅ አይደለም፤ በመኪና ትንሽ ነው። ግን አመለወርቅ ስትደውል ሁልጊዜ "ሺፍት ላይ ነኝ" ነው የምትለው፤ አንዳንዴ እውነት ነው።

እገዳዋ ሲያልቅ ሳሮንን ቦውሊንግ ቤቱ ጠራት። አልሄደችም። ኪዳኔ አንድ ቅዳሜ ለጨዋታ ብቻ እንሂድ ብሎ ለመናት። ሄዱ፤ ጫማ ተከራየች፤ መስመሩ ላይ ቆማ ፒኖቹን ስታይ ቆየችና ተመልሳ ተቀመጠች። "ሆዴን አመመኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቃትም። ድሮ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማት የነበረች ልጅ፣ አሁን በሯን ዘግታ የምትውል ሆናለች። ከዚያ በፊት በትንንሽ ውድድሮች አሸንፋ በስሟ የተቀመጠላት ሽልማት እዚያው አለ፤ ኮሌጅ ስለመግባት ሲነሣ ክፍሉን ለቃ ትወጣለች።

ያለፈው ፋሲካ ፋና መጣች። አመለወርቅ ከሌሊት ጀምራ ስትሠራ ያደረችውን በላች፣ ጣፋጭ ነው አለች። ስለ መንገድ ሥራው፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ስለሚዘጉት የመኪና መስመሮች ከአባቷ ጋር ተጨዋወተች። ሳሮን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ነበር፤ ሁለቱ ሰላም ተባባሉ፣ ከዚያ ያለፈ አልተነጋገሩም። ፋና ልትሄድ ስትል አመለወርቅ እስከ ፓርኪንጉ ተከተለቻት፣ ምግብ የቋጠረችበትን ከረጢት ይዛ።

"አሁንም ተቆጥተሽኛል?" አለቻት።

ፋና የመኪናውን በር ከፍታ ቆመች። "አይ፣ ማሚ። አልተቆጣሁም። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ግን ከአንቺ ጋር ምን እንደማወራ አላውቅም።"

ከረጢቱን ተቀብላ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠች። መኪናዋን አስነሥታ፣ ጎረቤት ያቆመውን ቫን እንዳትነካ እያየች ቀስ ብላ ወደ ኋላ አወጣችና ሄደች። ፀሐዩ አስፋልቱን ያግለው ነበር። አመለወርቅ በነጠላዋ ፊቷን ጋርዳ ጥቂት ቆመች፤ ማግስቱን የጠዋት ሺፍት ነበራት፣ ዩኒፎርሟ አልታጠበም።