የማስመሪያው ተራ

አዲስ የእንጨት ማስመሪያ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ቀኝ መዳፌን እጨብጣለሁ። ልጅ እያለሁ፣ ሐረር ከግንቡ ውጪ በነበረው ትምህርት ቤታችን፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን እንዲህ ያለ ማስመሪያ ነበረው። አንቱ ልለው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሥርዓቱን ላስረዳ። አንድ ግስ ይጠራና ተማሪው ወጥቶ የኃላፊ ጊዜውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። «ስተዲ» ከተባለ መጨረሻ ላይ ያለችው «ዋይ» ወጥታ በ«አይ» ትተካለች፤ «ፕሌይ» ከሆነ ግን ከፊቷ አናባቢ ስላለ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ነገሩ ይኸው ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። እሱ ግን አንድም ቀን አላስረዳንም። የሳተ እጁን ይዘረጋል፤ ቀጥሎ በትክክል የጻፈው ማስመሪያውን ተቀብሎ ይመታዋል።

እናቴ ታማ ትምህርት አቋርጬ ስለነበር ከታናሽ ወንድሜ ከግርማ ጋር አንድ ክፍል ነበርን። እሱ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው። አንድ ጠዋት እኔ ሳትኩ፤ እሱ መለሰ።

«እንካ፣ ምታት።»

«እህቴ ናት፣ ጋሼ።»

«እዚህ እህት የለም። ደደብ ነው ያለው።»

ግርማ ዳበስ አደረገኝ። መምህሩ እጁን ከነማስመሪያው ጨብጦ፣ «እንዲህ ነው!» እያለ መዳፌ ላይ አወረደው። ልጆቹ «ታናሿ የሚገርፋት!» እያሉ እስከ ግንቡ በር ሸኙን። ቤት ስንደርስ እናቴ «ታላቁን የመታ እጅ አይባረክም» ብላ ግርማን አስለቀሰችው።

ከዚያ ወዲያ እኔ በሳትኩ ቁጥር እሱም ተራው ሲደርስ ምንም ሳይጽፍ አጠገቤ እጁን ይዘረጋል። ነጥቡ ወረደ፤ አንደኛነቱ ከእጁ ሊወጣ ሆነ።

«ለምን አልመለስክም?» ስለው፣

«ረሳሁት፣ እትዬ» ይላል፤ ውሸቱን።

አፉ እንዲከፈት የግድ እኔ መሳት ማቆም ነበረብኝ። ሕጉን ከመጽሐፉ ውስጥ ለቃቅሜ አገኘሁትና በጊደር መጋላ ገበያ ሳልፍ ጮክ ብዬ እለማመድ ጀመር። አንዲት በርበሬ ሻጭ «ወላሂ፣ ይቺን ልጅ ጂኒ ይዟታል!» ብላ ገበያውን አሳቀችብኝ።

«ካሪ» የሚለው ግስ የተጠራ ዕለት ግርማ ከእኔ በፊት ተነሳ። የምችል አልመሰለውምና እንደልማዱ ሳይጽፍ እጁን ዘረጋ። እኔ ጻፍኩ፤ ትክክል ነበር። መምህሩ ፈገግ ብሎ ማስመሪያውን ሰጠኝ።

«በይ፣ ብድርሽን መልሺ።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «አልመታም።»

መምህሩ ራሱ እኔን ሲመታኝ ግርማ ሳይጠራ ጠመኔ አነሳ። በዓመቱ የተማርናቸውን ግሶች ከነኃላፊ ጊዜያቸው ሰሌዳው እስኪሞላ ደረደራቸው። አንድም አልሳተ። የመምህሩ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ግርማ ያን ዓመት ሁለተኛ ወጣ።

ዛሬ እኔም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በማስመሪያዬ መስመር አሰምርበታለሁ፤ የ«ዋይ»ን ነገር አሥር ጊዜ ቢጠይቁኝ አሥር ጊዜ አስረዳለሁ። ከኋላ ወንበር እንደ ግርማ «እትዬ» የሚለኝ ግን የለም፤ ያ ይናፍቀኛል። በቀደም መምህሩን መንገድ ላይ አገኘሁት። ባርኔጣውን አንስቶ፣ «ተማሪዬ አልነበርሽም?» አለኝ።

«አላስተማርከኝም» ብዬው አለፍኩ።