«የአንቱ ጉዳይ ይለያል»

ለነፍስ አባቴ እንኳን ያልተናገርኩትን ነው ለእናንተ የምነግራችሁ። አፌ ላይ እየደረሰ ስንት ጊዜ ተመልሷል! አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምፈራው አለቃ የለኝም። ታዲያ ምን እጠብቃለሁ?

ሜጋ በምትባል የደቡብ ጠረፍ ከተማ፣ የሱቅ ቦታ በሚሰጥ መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ነበርኩ። በእኛ ቢሮ ቦታው በባል ስም ከሆነና ባል ከሞተ፣ ሱቁ ታሽጎ ቦታው ለሌላ ይሰጥ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አሻፈረኝ ብላ ያቤሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ይግባኝ አለች። መሥሪያ ቤቱን ወክዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ፤ የተረታሁትም እኔ። ዳኞቹ ሳያድበሰብሱ፣ ሚስት ወራሽ ናት፣ ሱቁ አይታሸግባትም አሉ። እንዴት አፈርኩ!

ብዙም ሳይቆይ የአዴ ሃሊማ ባል ሞቱ፤ አዴ በእኛ አገር እንደ እማማ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። አዴ ሃሊማ ጨርቅና ስኳር የሚሸጡ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። ነገራቸው ቁርጥ ያው ነበር።

«ለዚያች ሴት ተፈርዶላት የለም እንዴ? ለእኔስ?» አሉኝ።

«የአንቱ ጉዳይ ይለያል። ክሰሱና የራስዎን ፍርድ አምጡ» አልኳቸው።

ይለያል! በምን ይለያል? የቢሯችን ልማድ ነበር፤ ፍርድ ያመጣ ይወስዳል፣ ያልከሰሰ አርፎ ይቀመጣል። ግን ልማድ አፌን ይዞ አላናገረኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። የያቤሎው ሽንፈት እልህ ሆኖብኝ፣ እኔ ነኝ አውቄ የዋሸሁት። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይላሉ፤ እኔ የሕግ ሰው ተብዬው አልቆምኩም።

ሱቁ ታሸገ። ክርክሩ ሲጓተት አዴ ሃሊማ የሚበሉት አጡ፤ አሥረኛ ክፍል የነበረች ልጃቸውን ፋጡማን ከትምህርት አስወጥተው ሞያሌ፣ አክስቷ ዘንድ ለሥራ ላኳት። እሷም ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። በመጨረሻ ያቤሎ ላይ ያው ፍርድ ተፈረደላቸው።

ሱቁ የተከፈተ ዕለት ቢሮዬ ገቡ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ናጋ ነህ ልጄ?» አሉኝ፤ ሰላም ነህ ወይ ማለታቸው ነው። «አልተቀየምኩህም፤ ሳታውቅ ነው። አሁን ዳኞቹ ነግረውሃል። የምትመጣዋን ሴት ግን ያቤሎ አታመላልሳት፣ እሺ?»

ሳታውቅ ነው! ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «እሺ» ብቻ አልኩ።

ተመስገን፣ እሺታዬን እንኳ አላጠፍኩም። ቀጥላ የመጣችው ሴት ሱቅ እንዳይታሸግ አደረግሁ። አለቃዬ «ማን ፈረደላት?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ለአዴ ሃሊማ የፈረዱት ዳኞች» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ማንንም አላመላለስኩም። አዴ ሃሊማ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሰው ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። እነዚያ ሴቶች ስንቱን ምርቃት አወረዱልኝ፤ ሁሉም የእርስዎ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፋጡማ እናቷን ልትጠይቅ ከሞያሌ መጣች። አዴ ሃሊማ ከሱቃቸው በር ላይ ጠሩኝና «ሴቶቻችንን ከእንግልት ያዳነ እሱ ነው» አሏት። ፋጡማ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ።

«ምንም አይደል» አልኳት።

ምንም አይደል? ፋጡማ፣ የእናትሽ ጉዳይ አይለይም ነበር። ያን ቀንም አውቅ ነበር።