ማንም የማያያት ልጅ

መጽሐፉን ያመጣችው ትልቋ የልጅ ልጄ ናት። ጄኔቭ ውስጥ ለዛቫንሼ ከሚባለው ሰፈር ካለው ትምህርት ቤቷ ተውሳ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ስለ ምንድን ነው?» አልኳት። እኔ ፈረንሳይኛ አላነብም፤ አማርኛውንም አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት።

«ስለ እህትማማቾች። ቴያትር ይማራሉ፣ ዳንስም ይማራሉ። ከዚያ መድረክ ላይ ሠርተው እንጀራቸውን ያገኛሉ።»

«እናታቸውስ?»

ገጹን ገለበጥ ገለበጥ አደረገች። «የለችም። ሲጀመርም የለችም።»

ያን ጊዜውኑ ወደመጣበት መልሺው ብላት ይሻል ነበር።

የትልቋና የትንሿ እህቷ አባት ሁለቱም ጨቅላ ሳሉ ነው የሞተው። እናታቸውን፣ የእኔን ልጅ፣ ደርግ ሲያስራት ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ስንቅ ማመላለስ ሥራዬ ሆነ። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ወታደር ሳህኑን ከነምግቡ መለሰልኝ። ልብሷን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጨመረበትና «ከእንግዲህ አትምጪ» አለኝ። የዚያ ዘመን ሰው ይህን ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። ያኔ ማልቀስም ክልክል ነበር። ጥቁር ሳልለብስ ልጆቹን ይዤ ተሰደድኩ።

ጄኔቭ ከገባን ሁለት ዓመት ሆኖንም ሞቷን ለልጆቹ አልተናገርኩም ነበር፤ እነሱ አሁንም የታሰረች ነበር የሚመስላቸው። መርዶ እኮ አንድ ሰው ብቻውን የሚነግረው ነገር አይደለም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይመጣል፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው ይኖራል። ጄኔቭ የማውቀው የሁለት ቤት ሰው ብቻ ነበር። ደግሞ የራሴ ግትርነት አለ። ለሁለቱ ልጆች ብርቱካን ሳካፍል ፍሬውን ቆጥሬ ነው። መርዶውንም ሁለቱ እኩል፣ በአንድ ሰዓት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲሰሙት ፈለግሁ። አንዷ ቀድማ አውቃ ሌላዋ እየሳቀች እንድታያት አልፈለግሁም።

መጽሐፉን ትልቋ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአማርኛ እየመለሰች ታነብልን ጀመር። ትንሿ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ከሁሉ የወደደችው መድረክ ላይ የወጣ ሰው መጋረጃው እስኪዘጋ አያቋርጥም የሚለውን ነው። «ቢያመውም፣ ቢከፋውም እማማ» ትለኛለች። ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱም ሰፈራችን ያለው የልጆች ቴያትር ክፍል ተመዘገቡ።

አስተማሪዋ ያዘጋጀችው የመድረክ ጨዋታ ግን ለእኔ አልጣመኝም። አንዲት ልጅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ቤተሰቡ አያያትም፣ ድምጿንም አይሰማም። በመሐላቸው እየዞረች ታወራለች፣ እነሱ ይበላሉ። ለዚህች ልጅ ትንሿ ተመረጠች። ትልቋ አንገቷን ደፋች። በማግስቱ እሷኑ አስተርጓሚ አድርጌ አስተማሪዋ ዘንድ ሄድኩ።

«ሁለቱም እኩል ተምረዋል። ለአንዷ ብቻ ከሆነ ሁለቱንም አስወጣለሁ በያት» አልኩ።

«እማማ፣ እንዲህ ብዬማ አልነግራትም።»

«በያት።»

አስተማሪዋ ሳቀች። ጨዋታው ሁለት ጊዜ የሚታይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጄኔቭ፣ አንድ ጊዜ ዙሪክ። ትልቋ ጄኔቭ፣ ትንሿ ዙሪክ እንዲጫወቱ ተስማማን። የማትጫወተው ከመጋረጃ ጀርባ ሆና የተረሳ ቃል ታስታውሳለች። ወደ ቤት ስንመለስ ትልቋ «ከዳኛም ዳኛ ነሽ» ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

ከዚያ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ልምምድ ላይ ያለችውን ማየትም መልስ መስጠትም አይፈቀድም። ጭጋግ መስኮቱን በሸፈነበት ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ከክፍል ክፍል ትዞራለች፣ «እዚህ ነኝ» ትላለች፣ እኛ ዝም። እኔ ድንቹን እልጣለሁ። ትንሿ ስትዞር ቀኝ እግሯን ሳብ ታደርጋለች፣ በር ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ልጄ እንዲያ ነበረች። በሦስት ዓመቷ የተለየቻትን እናት አካሄድ ማን አስተማራት?

አንድ ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት ስከትፍ ያ እግር ኮሪደሩ ላይ ተጎተተ። በሩ ላይ ጉሮሮ ተጠረገ። ሕጉን ረሳሁና «ግቢ ልጄ» አልኩ።

ትንሿ ከመኝታ ቤት አንገቷን አወጣች። «ማንን ነው እማማ? እኔ ገና አልጀመርኩም።»

ትልቋ ከኋላዋ አልጋ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ታነብ ነበር። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። በዚያው ቀን ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ ለምትኖረው የአጎቴ ልጅ ደወልኩና «ከእንግዲህ አላቆየውም፤ ሰው ሰብስቢልኝ» አልኳት። እዚያ የእኛ ሰው በርከት ይላል። የዙሪኩ ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ነው፤ እሷ ቤት አድረን ሰኞ ማለዳ መርዶው ሊነገር ተቆረጠ።

ጄኔቭ ላይ ትልቋ ተጫወተች፣ ተጨበጨበላት። እሑድ በጠዋት ከአስተማሪዋና ከልጆቹ ጋር በባቡር ወደ ዙሪክ ሄድን።

እኛ ባቡር ላይ ሳለን ረገንስዶርፍ ሌላ ምክር ተመከረ። የአጎቴ ልጅ የጠራቻቸው ሴቶች ሁሉ ክሎተን ያለውን የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚያጸዱት፤ ሰኞ ሳይነጋ ሥራ ይገባሉ። ማለዳ ማንም አይገኝም። «እንግዲያው ከቴያትሩ እንደወጡ እናርዳቸው» ብለው ወሰኑ። ሊነግሩኝ ቢደውሉ ቤቴ የሚያነሳ የለም። ልብስ ለመቀየር ጊዜ አይኖርም ብለውም ለብሰው መጡ።

አዳራሹ ትንሽ ነበር። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነኝ። ትንሿ ወጣች፣ እግሯን ሳብ እያደረገች። «እዚህ ነኝ» አለች። ከኋላዬ በሩ ተከፈተ፣ ወንበሮች ተንቀሳቀሱ። ልጅቷ ቀና ብላ ከራሴ በላይ አየች፤ ዓይኗ እዚያው ቀረ።

ዘወር አልኩ። በመጨረሻው ረድፍ ሰባት ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ያሉት ስዊሶች የጨዋታው ክፍል መስሏቸው በአክብሮት ጠጋ ጠጋ ብለውላቸዋል።

አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ያ ነጠላ ምን እንደሆነ ያውቃል። የእኛ ሰው እንዲያ ለብሶ ከመጣ ወደ ማን እንደመጣም ግልጽ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከእኛ ሌላ የአገራችን ሰው አልነበረም።

ተነስቼ ልወስዳት አሰብኩ። እሷ ግን ቀጠለች። ጠረጴዛውን ዞረች፣ በሚበሉት ልጆች ጆሮ ተናገረች፣ ማንም አልመለሰላትም። ሁሉንም ቃል ወደዚያ ረድፍ እያየች ነው ያለችው። ትልቋ ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቱን ይዛ ቆማለች፤ ከእሷ ቦታ ሕዝቡ አይታይም።

መጋረጃው ሲዘጋ ወደ መድረኩ ጓዳ ሮጥኩ። ትንሿ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ፣ ፊቷ በነጭ ቅባት እንደተለቀለቀ።

«እማዬ ናት?» አለችኝ።

«እሷ ናት።»

«እህቴ አላየችም።»

«አላየችም።»

«ለምን እኔ ብቻ?»

ትልቋ ወረቀቷን እያጠፈች ስትመጣ ሁለቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሴቶቹ ደርሰው ሊያለቅሱ አፋቸውን ሲከፍቱ «ቆዩ» አልኳቸው። በማይሆን ሰዓት፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ እኔው ብቻዬን ተናገርኩት፤ ስንቁ የተመለሰበትን ቀን፣ የደበቅኩትን ሁለት ዓመት። ትልቋ እግሬ ሥር ወደቀች። ሴቶቹ ከበቡን።

ትንሿ አላለቀሰችም። የእህቷን ጭንቅላት አቅፋ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት መርዶውን መድረክ ላይ ብቻዋን ስታውቅ በነበራት ፊት፣ «አይዞሽ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለቻት። ትልቋም ቀና ብላ አየቻት።