ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ስንት ቀዳዳ አለ?

የልጅ ልጄ አብዱ ገና ያልወጣ የኮምፒውተር ጌም ይጠብቃል። ሌላው ሰው ዝናብ ወይም ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ እሱም ከትምህርት ቤት እንደገባ ደብተሩን አልጋ ላይ ወርውሮ፣ አባቱ አሮጌ ገዝቶ የሰጠውን ኮምፒውተር ይከፍትና፣ ጌሙ ሲወጣ የሚፈልገውን እያነበበ የእሱ ማሽን ያሟላ እንደሆነ በጣቱ እየቆጠረ ያመሳክራል። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት የቤቱን ቆርቆሮ ሲያንጣጣው፣ እኔ በረንዳው ላይ ማሾ ስለቅም፣ ፊቱን አጨፍግጎ መጣና «የኔ ሲስተም ያረጀ ስለሆነ አይቀበለውም እማማ» አለኝ። እኔ መቼም የማላውቀው ሰው ያለውንም፣ ማሽን ያለውንም ቶሎ አላምን፤ «አይቀበለውም ያለህ ማን ነው? አዲስ ሊያስገዙህ ብለው እንዳይሆን» አልኩት። ሳቀብኝ።

ከዚያ እንደ አስተማሪ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር፤ እያንዳንዱ ጌም ለአንድ ዓይነት ማሽን ተብሎ እንደሚሠራ፣ ለሌላው ሲሰጡት ማሽኑ ምን እንደተባለ እንደማይገባው። «ድሮማ ጌም የሚመጣው በዘፈን ካሴት ላይ ነበር አሉ። ኮምፒውተር ሳይኖርሽ ተራ ቴፕ ውስጥ ከከተትሽው ዝም ብሎ ይጮሃል» አለና ድምፁን ከስልኩ ፈልጎ ከፈተልኝ። ቀጭን፣ ማቋረጥ የማያውቅ ጩኸት ነበር፤ ሺህ ፌንጣ በአንድ ጣሳ ታጉሮ የሚንጫጫ ይመስላል። ማሾው ከነሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። ያንን ጩኸት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሰምቼዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ቤታችን ወደ ደሴ ከሚወስደው አስፋልት ጀርባ፣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቻችን በሚንቀጫቀጩበት ሰፈር ሲሆን፣ ግድግዳችን ከቀበሌው አብዮት ጠባቂ ከጋሼ ደምሴ ግድግዳ ጋር አንድ ነው። አባቴ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበር። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየ ሲንጀሩን አቁሞ ጆሮውን ይሰጣል፤ ሦስት ሰው ካየ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ይገባል። ስኳር ጠፋ የሚባለውን እንኳ እናቴ ጆሮ ላይ ተጠግቶ ነበር የሚያወራው። ይህ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከውትድርና ሸሽቶ፣ አባቴን እንኳ ሳይሰናበት፣ በአፋር በኩል ጅቡቲ፣ ከዚያም ጂዳ ገብቷል። ለሚጠይቀን ሁሉ «ማጀቴ ከተማ አጎቱ ዘንድ ነው» እንላለን። ማጀቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚሠራ ግን ተስማምተን ስለማናውቅ፣ እኔ ይማራል ስል እናቴ ያርሳል ትል ነበር።

ደብዳቤ ይከፈታል ስለሚባል፣ ዐረብ አገር ልጅ ያላቸው የይፋት ቤቶች ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ የሰይድ ወሬ የሚመጣልን በካሴት ነበር። ድምፁን ይቀዳና በሚመላለሱ የጨርቅ ነጋዴዎች እጅ፣ በጣቃ መሐል ተጠቅልሎ ይደርሰናል። ካሴት በደረሰን ቀን አልቀው የተጣሉትን የባትሪ ድንጋዮች ከያሉበት ለቅሜ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ የሮቢት ፀሐይ የሞተ ባትሪ ታስነሳለችና። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጓዳ ገብተን በሩን እንዘጋለን፣ እናቴ ድምፁ እንዳይወጣ ሻሿን ቴፑ ላይ ትደርባለች። የካሴቱ አንድ ገጽ በሰላምታ ብቻ ያልቅ ነበር። «አሰላሙ አለይኩም እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ሲል እናቴ «ወአለይኩም ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ልጄ» ትላለች፤ ቴፑ ሳይጠብቃት ካለፈ ደግሞ «አቁሚው እስቲ፣ ገና እየመለስኩለት ነው» ብላ ትቆጣኛለች። እኔም አቆመዋለሁ።

ከነዚያ ካሴቶች በአንዱ ላይ ሰይድ ለእኔ አንድ ነገር ቃል ገባ። የሚሠራበት ቤት ልጆች በቴሌቪዥን ላይ መኪና የሚነዱበት ጌም አላቸው፤ እሱም በካሴት እንዳለ ያስቀዳልኛል። «ግን ዘይኔ፣ ከማሽኑ ጋር ይስማማ እንደሆን ልወቅ። የቀበሌው ቴሌቪዥን ምን ዓይነት ነው? ከጀርባው ስንት ቀዳዳ አለ? አይተሽ ንገሪኝ።» ምስኪን ሰይድ፣ ቴፕ ከቴሌቪዥን ጋር በሽቦ ከተገናኘ የሚበቃ መስሎት ነበር፤ መሐል ላይ ኮምፒውተር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳን እኔ፣ እሱም በወጉ አላወቀም። አባቴ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማው። «የቀበሌ ቴሌቪዥን ጀርባ ምን አገባው? ማን ጠይቅ ብሎት ነው?» አለና ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

እኔ ለአባቴ ሳልናገር ሄድኩ። የቀበሌው አዳራሽ ሊጠረግ ተከፍቶ ሳለ ገባሁና፣ በሳጥን ውስጥ በቁልፍ ከሚኖረው ቴሌቪዥን ጀርባ አንገቴን ሰድጄ ቀዳዳ መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት እንደደረስኩ የጋሼ ደምሴን ጫማ አየሁ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ። «ዓይነቱን ልይ ብዬ» አልኩ። «ማነው እዪ ያለሽ?» አለ። «ማንም» ብዬ እያለቀስኩ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ አባቴ ቀድሞ ሰምቶ፣ በረንዳው ላይ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቆሟል። ያኔ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፣ እሱ ግን በሩን ከኋላዬ ቀረቀረው።

የሰይድ ቀጣይ ካሴት የመጣው መልሴን ሳይጠብቅ፣ ወር ሳይሞላ ነው። ሻሹ ተደረበ፣ እናቴ ለሰላምታው ተዘጋጅታ ተቀመጠች፣ ተጫንኩት፤ ያ ጩኸት ወጣ። ገልብጠን ሌላውን ገጽ ሞከርን፣ እሱም ያው ነው። ቃል የገባልኝ የመኪና ጌም እንዲህ ያለ ጩኸት ይሆናል ብዬ እኔ በሕልሜም አላሰብኩም። እናቴ «ያ ረቢ፣ ልጄን ምን አድርገውት ነው?» አለች። አባቴ ከእጄ ነጥቆ አጠፋው። የምስጢር መልእክት ነው አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ነጋዴው ለውጦብን ይሆናል አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሰይድ ራሱ ከማን ጋር እንደዋለ ማን ያውቃል አለ። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ደምሴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «እንድሪስ፣ ትናንት ቴፓችሁ ታመመ እንዴ?» ሲለው፣ አባቴ «አዎ ጓድ፣ ታሟል» ብሎ ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ደምሴ ያን ዕለት ክፉ አስቦ ይሁን ወይም እንዲያው ጎረቤት ነውና ጠይቆ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማንም ግን መጥቶ አልፈተሸንም።

አባቴ ካሴቱን ማቃጠል ፈልጎ ጭሱንም ጠረጠረው። ስለዚህ በላዩ ላይ ሬዲዮው እንዲቀዳበት ወሰነ። «መንግሥት ራሱ በሚናገርበት ካሴት ማን ይከሰናል?» አለ። ቴፑ ግን አልቀዳ አለ፤ የመቅጃውን ቁልፍ ስጫነው ይመለሳል። ሰይድ፣ ማንም እንዳይደርብበት ብሎ፣ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብሯቸዋል። እኔ ብልጧ ደግሞ መላውን አውቀዋለሁ፤ ከሒሳብ ደብተሬ ወረቀት ቀደድኩና አኝኬ ሁለቱንም ቀዳዳ ደፈንኩት። ቁልፉ እሺ አለ። እናቴ እጄን ይዛ «እስከ መጨረሻው ይዙር እስቲ። ልጄ ካሴት ሙሉ ሲጮህ አይውልም፣ ከኋላው ይናገር ይሆናል» አለች። አባቴ «ይህ ግድግዳ ይሰማል፣ ቅጂበት» አለኝ። ቀዳሁ። በአንዱ ገጽ የወታደር ማርሽ፣ በሌላው ገጽ የመኸር ዘመቻ ዜና።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ካሴት አይግባ፣ አይውጣ አለ። ከሰይድም ሌላ አልመጣም። እናቴ ደርግ ሳይወድቅ ሞተች፤ እስከዚያች ዕለት ነጋዴ በበራችን ባለፈ ቁጥር የባትሪ ድንጋይ ታሰጣ ነበር። አባቴም ተከተላት። ሰይድ ጂዳ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ስልክ ከገባ በኋላ በየዒዱ ይደውልልኛል። ስለዚያ ካሴት ግን እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ለሠላሳ ምናምን ዓመት፣ አንድ ሰው አሳስቶት ሊያስፈጀን ነበር እያልኩ የገዛ ወንድሜን በሆዴ ስጠረጥረው ኖሬአለሁ።

ቅዳሜ ማታ ካሴቱን ከአባቴ ሲንጀር መሳቢያ አወጣሁት። የተደረበበትን ድምፅ ኮምፒውተሩ ይመልሰው እንደሆን አብዱን ጠየቅኩት፤ «አይመልሰውም» አለኝ። ወረቀቱን በመርፌ ነቅዬ ሳወጣው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ በአንዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት ሰባት ቁጥር ይታያል። የአብዱ ማሽን እንኳ የማይገባውን ነገር አይገባኝም ብሎ ይናገራል። እኛ ያልገባንን ሁሉ ጠላት ነው ብለን ደመሰስነው።

ሰይድ ጋ ደወልኩ። ከጩኸቱ በኋላ ተናግሮ እንደነበር ጠየቅኩት። «አልሰማችሁትም ነበር?» አለ። ጌሙ የሚያልቀው ከመሐል ሳይደርስ ነው፤ በሁለተኛው ገጽ ከሱ ቀጥሎ አባባን ይቅርታ ጠይቆ፣ «የመጣው ይምጣ፣ ናፍቃችሁኛል። ና ካላችሁኝ እመጣለሁ፤ አንድ ቃል ላኩልኝ» ብሎ ነበር። ዓመት ጠበቀ። ዝም ስንለው፣ አባባ ፊቱን አዞረብኝ ብሎ ቀረ።

«እማዬስ?» አለኝ ሰይድ፣ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ። «እሷ ያኔ ምን አለች?»

«እስከ መጨረሻው ይዙር ብላ ነበር» አልኩት።